ባዶው ኮርቻና የሕይወት ታሪኩ

ስለ ሥነ ቃላችን የተጻፉ ሐተታዎች ለቅሶን ከሠርግ ዘፈን፣ ከሥራ ዘፈንና ከቀረርቶ ጎን አስቀምጠው ሙሾን በግጥምነቱ ሲመረምሩት ቆይተዋል። የምርመራውም ፍሬ በቀላሉ የሚገመት አይደለም። ነገር ግን ሙሾው የሚወርድበት ሥርዓት በሙሉ፣ ይኸውም ሰልፉ፣ ፈረሱ፣ ልብሱ፣ መሣሪያው፣ የለቀስተኛው አቋቋምና የሟቹ ስም የሚጠራበት መንገድ፣ እንደ አንድ የኪነት ሥራ ተቆጥሮ ሒስ ሲቀርብበት እምብዛም አልታየም። በተለይም የጦር ሰው ቀብር ለወግና ለፕሮቶኮል የተተወ፣ የኪነ ጥበብ ሰው የማያገባው ጉዳይ ሆኖ ኖሯል። ይህ አመለካከት ትክክል አይደለም። በጦር ሰው መቃብር ዙሪያ የሚቆመው ሕዝብ የሚሠራው ነገር ድርሰት አለው፤ ተዋናይ አለው፤ ይዘትና ቅርጽ አለው፤ ስለዚህም ሊያምርም ሊበላሽም ይችላል። በተበላሸ ጊዜ የሚጎዳው የተመልካቹ ስሜት ብቻ ሳይሆን የሟቹ ክብር ጭምር ነው።

ለዚህ ምርመራ ከአዊ ምድር የተሻለ መነሻ ማግኘት ያዳግታል። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው አዲስ ቅዳም፣ የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ፣ ስሟ እንደሚመሰክረው የገበያ ልጅ ናት። በዙሪያዋ ያለው ገበሬ ድንችና ገብስ ያመርታል፤ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህም ለከሰል የሚሆነውን ዲከረንስ የተባለ የግራር ዝርያ በሰፊው ይተክላል። ከዚህ ሁሉ ጋር ፈረስ ያረባል። በአዊ ዘንድ ፈረስ ጭነት ተሸካሚ ብቻ አይደለም፤ ሙሽራ የሚታጀብበት፣ በዓል የሚደምቅበት፣ ሟች የሚሸኝበት የክብር እንስሳ ነው። ሕፃኑ ገና ከእረኝነቱ ጀምሮ ያለ ኮርቻ መጋለብን ይለምዳል፤ ሽማግሌውም መነሣት እስኪያቅተው ድረስ ከኮርቻ መውረድን እንደ መዋረድ ይቆጥረዋል።

በዚህ አካባቢ የዘመተ ሰው ሲሞት ለቅሶው የሚጀምረው በድምፅ ነው። ጥሩምባ ይነፋል፤ መርዶው ከመንደር መንደር ይሻገራል። ለቅሶ ደራሹ እየተሰበሰበ ሳለ ፈረሰኞች በየአቅጣጫው ብቅ ብቅ ይላሉ። የሟቹ ፈረስ ግላሱ ተነጥፎለት፣ መጣብሩ ታስሮለት፣ ኮርቻው ተጭኖለት ይወጣል፤ የሚቀመጥበት ግን የለም። ዛቡን የያዘ ሰው በእግሩ እየሄደ ይመራዋል። ሟቹ የለበሰው የወታደር ልብስ፣ ኒሻን ካለው ኒሻኑ፣ የያዘው መሣሪያ በሰው እጅ ከፍ ብሎ ይታያል። ፈረሰኛው ሜዳውን ይዞራል፤ ሴቶች ደረት ይመታሉ፤ አልቃሿ ሙሾ ታወርዳለች፤ ከሟቹ ጋር የዘመተ ሰው ካለ ከመካከል ወጥቶ ይፎክራል። ካህናቱ በበኩላቸው ፍትሐቱን ያደርሳሉ። ከዚህ በኋላ የሚሆነው በሌላው የአገራችን ክፍል ከሚሆነው ብዙ አይለይም።

ይህን በተውኔት ዓይን የተመለከተ ሰው የሚያስገርም ነገር ያገኛል። መድረኩ ክብ ነው፤ መጋረጃ የለውም፤ ተመልካቹና ተዋናዩ ቦታ ይለዋወጣሉ። አሁን ቆሞ የሚያዳምጠው ሽማግሌ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዘሎ ገብቶ ይፎክራል፤ ፎክሮም ሲጨርስ ተመልሶ ከለቀስተኛው ይቀላቀላል። የተውኔቱ ዋና ገጸ ባሕርይ ደግሞ በመድረኩ ላይ የለም። ያለው ምልክቱ ነው፤ ያውም ስለ ምልክትነቱ ምንም የማያውቅ ምልክት። ፈረሱ አያለቅስም። ጆሮውን ያቆማል፤ ሌላ ፈረስ ሲያይ ያሽካካል፤ ሣር ካገኘም ሊግጥ ይሞክራል። ለቀስተኛው የሚያውቀውን ፈረሱ አያውቅም። በዚህ ዕውቀትና በዚህ አለማወቅ መካከል ያለው ርቀት ነው ሰውን የሚያስለቅሰው። ይህን የመሰለ ቁጥብነት በጽሑፍ ተውኔቶቻችን ውስጥ ተፈልጎ በቀላሉ አይገኝም፤ ገጸ ባሕርያቶቻችን ሐዘናቸውን በረጅም ንግግር ካላስረዱን በስተቀር ያዘኑ አይመስላቸውምና።

ጋላቢ የሌለው ፈረስ የአዊ ብቻ ሀብት ነው ለማለት አይደለም። በኅዳር 1956 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ሲቀበሩ፣ ብላክ ጃክ የተባለ ጥቁር ፈረስ ባዶ ኮርቻ ተጭኖ፣ ቡትስ ጫማ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ በእርካቡ ላይ ተደርጎ ከአስከሬኑ ኋላ ተመርቷል። በዚያ ሰልፍ ከየአገሩ መሪዎች ጋር በእግራቸው ከተጓዙት አንዱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ሥርዓቱን የዓለም ሕዝብ በቴሌቪዥን ተመልክቶ አድንቆታል። ሁለቱን ያነጻጸረ ግን አንድ ልዩነት ያስተውላል። ብላክ ጃክ የሠራዊቱ ፈረስ ነበር፤ ኬኔዲ አልጋለቡትም። ስለዚህ ምልክትነቱ ንጹሕ፣ ከሰውየው ኑሮ ግን የተለየ ነው። በአዊ ለቅሶ የሚመራው ፈረስ ትናንት ሟቹን ተሸክሞ ገበያ የወጣ ነው። ከቀብር መልስ በዚያው ቤት በር ይታሰራል፤ ልጆቹም ማን እንደሚጋልበው ይነጋገራሉ። እዚህ ላይ ምልክቱና ኑሮው አልተለያዩም።

የአዊ ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. እንደሆነ ይነገራል። ዘመኑን ልብ ማለት ያሻል፤ ፋሺስት ኢጣልያ ገና ከአገር አልወጣም ነበር። መታሰቢያውም በዐድዋ ለተዋጉት ጀግኖችና ለተሸከሟቸው ፈረሶች ጭምር ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረው በዓል፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከተገኘው ድል ጋር በጊዮርጊስ ዕለት ይተሳሰራል። ከሰው ጋር እንስሳውን ያሰበ የጦር መታሰቢያ ብዙ አይደለም። ዛሬ ማኅበሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት ሲሆን፣ ዓመታዊው በዓልም ከሩቅ እንግዳ የሚጠራ ሆኗል። ይህ የሚያስደስት ነው። ይሁን እንጂ የበዓሉ ሜዳና የለቅሶው ሜዳ አንድ ዓይነት ሚዛን አይበቃቸውም። በበዓሉ ፈረሱ ለፍጥነቱና ለጌጡ ይታያል፤ የክብር እንግዳ ንግግር ያደርጋል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። በለቅሶው ግን ፈረሱ የሚወጣው ስለ አንድ ሰው ለመመስከር ነው። መጽሔቶቻችንና ካሜራዎቻችን የመጀመሪያውን አዘውትረው ሁለተኛውን መርሳታቸው የኪነት ሚዛናቸው የት ላይ እንዳዘነበለ ያሳያል።

እስካሁን የተባለው ስለሚታየው ነው። ስለሚሰማው ሲሆን ግን ነገሩ እንዲህ የሚያስመሰግን አይደለም።

ፉከራ በባሕርይው ጉራ ይመስላል። በእርግጥም ከአፈ ልማድ ውጭ ለሰማው ሰው ጉራ ነው። ነገር ግን ጥንት ፎካሪው የሚፎክረው አብረውት በዘመቱ ሰዎች ፊት ነበር። ያልሠራውን ሠራሁ ቢል፣ ያልዋለበትን ዋልሁ ቢል የሚያርመው ሰው በዚያው ክብ ውስጥ ቆሟል። ስለዚህ ፎካሪው ወንዙን በስሙ ይጠራል፤ ኮረብታውን ይጠራል፤ አብሮት የነበረውን ይጠራል፤ የቆሰለበትን ቀን ይናገራል። ሙሾም እንዲሁ ነው። የታወቀች አልቃሽ ለቅሶ ቤት ስትደርስ አስቀድማ ከዘመድ ትጠይቃለች፤ የት ዘመተ፣ ከማን ጋር ነበረ፣ ምን ዓይነት ሰው ነበረ፣ ምን ይወድ ነበር ትላለች። ከዚያ በኋላ ነው ስንኟን የምትቋጥረው። ውበቱ የሚመነጨው ከዝርዝሩ ነው። ለሌላ ሟች ቢገለበጥ የማይስማማ ሙሾ ጥሩ ሙሾ ነው፤ ለሁሉም የሚስማማው የሰነፍ ሥራ ነው።

የፈረስ ስም የሚባለው ነገርም በዚሁ ዝርዝርን የመውደድ ጠባይ ውስጥ የሚመደብ ነው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው ሲባሉ ሰውየው በማዕረጉ ሳይሆን በጦር ሜዳ በነበረው ፈረስ ይጠራል። ጎጃሜው በላይ ዘለቀም አባ ኮስትር ነበር። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ሠራዊት ቃኘው ሻለቃ መባሉ፣ የአንድ ፈረስ ስም ባሕር ተሻግሮ በባዕድ ተራራ ላይ ለተዋጉ እግረኞች ስም መሆኑ፣ ምን ያህል የቆየ ኃይል እንዳለው ያስረዳል።

አሁን ደግሞ በዘመናችን በጦር ሰው መቃብር ላይ በወረቀት የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንመልከት። መምህሩም፣ ካድሬውም፣ የማኅበሩ ጸሐፊም እየተጠራ የሚጽፈው ይህ ጽሑፍ ዛሬ በአገራችን ከማንኛውም የድርሰት ዓይነት ይልቅ ብዙ አድማጭ ያለው ሳይሆን አይቀርም። ሐያሲ ግን የለውም። አጻጻፉ አንድ ነው፤ ሟቹ ከአባታቸው ከእገሌና ከእናታቸው ከእገሊት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገቡ፤ በእገሌ ዓመት በውትድርና ተቀጠሩ፤ በተለያዩ ግዳጆች ተሰማርተው ግዴታቸውን በሚገባ ተወጡ፤ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ዐረፉ፤ የእገሌ ልጆች አባት ነበሩ። ከዚያም ለቤተሰብና ለወዳጅ ዘመድ መጽናናትን ይመኛል።

በዚህ ድርሰት ውስጥ ትልቁን ጥፋት የሚሠራው ቃል «የተለያዩ» የሚለው ነው። የሰውየው ሕይወት በሙሉ በእሱ ሥር ተቀብሯል። ካራማራ ነበረን? ጅጅጋ በየካቲት 1970 ዓ.ም. ስትለቀቅ ከገቡት አንዱ ነበረን? በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፍዓበት ስትያዝ ከዚያ እሳት በእግሩ ወጥቶ ነውን? በ1982 ዓ.ም. ምጽዋ ላይ ውኃ ጥሙን ቀምሷልን? በ1991 ዓ.ም. ባድመ ምሽግ ላይ ነበረን? «የተለያዩ ግዳጆች» የሚለው ሐረግ ለእነዚህ ሁሉ አንድ ልብስ ይቆርጥላቸዋል፤ ለማንኛቸውም ልክ አይሆንም። ሁለተኛው ጥፋት በግሡ ላይ ነው። ሟቹ በገዛ ታሪኩ ውስጥ ሠሪ ሳይሆን የሚሠራበት ሆኗል፤ ይመደባል፣ ይዛወራል፣ ይሸለማል፣ ይሰናበታል። አንድም ጊዜ አይሮጥም፤ አይፈራም፤ አንድ ሰው ተሸክሞ ከወንዝ አያወጣም። ከሜዳው በስተግራ ሽማግሌው ወንዝና ኮረብታ እየጠራ ሲፎክር፣ ከሜዳው በስተቀኝ በድምፅ ማጉያ የሚነበበው ወረቀት ስለ ሌላ ሰው የሚናገር ይመስላል።

ለዚህ ምክንያት አይጠፋም። ጸሐፊው በአንድ ሌሊት እንዲጽፍ ታዟል፤ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ከዚያም በላይ ይጠነቀቃል። አንድ ወታደር በአንድ መንግሥት ሥር ዘምቶ በሌላ መንግሥት ሥር ጡረታ ወጥቶ በሦስተኛው ሥር ሲሞት፣ የዘመተበትን ስፍራ መጥራት ፖለቲካ የሚሆን የሚመስለው ጸሐፊ «የተለያዩ» በሚለው ውስጥ ይሸሸጋል። ጥንቃቄው ይገባል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ጸሐፊው ሳይሆን ሟቹ ነው። ወታደሩ ጦርነቱን አልመረጠም፤ የዋለበትን ኮረብታ ስም መጥራትም ጦርነቱን ማመስገን አይደለም።

የጎጃም ሕዝብ በዚህ ረገድ ከጸሐፊዎቻችን ይልቅ ደፋር ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ። በላይ ዘለቀ አምስት ዓመት ጠላትን ተዋግቶ፣ ነጻነት ከተመለሰ በኋላ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጣ። የክብር ዘብ አልቆመለትም፤ የሐዘን ማርሽ አልተመታለትም፤ በይፋ የተነበበ የሕይወት ታሪክም አልነበረውም። ይሁን እንጂ አልቃሹና አዝማሪው የከለከሉትን ክብር መልሰውለት፣ ስሙ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ዛሬ በትምህርት ቤትና በጎዳና ስያሜ ላይ ይነበባል። የመንግሥት ሥርዓት ዝም ባለበት ስፍራ ሥነ ቃል መዝገብ ሆኖ ሠራ ማለት ነው። መዝገቡ የተሟላ ነው ለማለት አይቻልም፤ ዘፈን ያገነናል፣ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል። ሆኖም የት እንደ ዋለና ምን እንደ ደረሰበት አልሸሸገም።

የቃል ሥርዓቱን ያለ ነቀፋ ማለፍ ግን ሚዛናዊ አይሆንም። በመጀመሪያ ደረጃ ፈረስ ያለው ሰው ለቅሶ ፈረስ ከሌለው ሰው ለቅሶ ይበልጣል። የዐድዋን ድል የተሸከመው ግን ፈረሰኛው ብቻ አልነበረም፤ በባዶ እግሩ የተጓዘው እግረኛ፣ ስንቅ ያዘጋጀችው፣ ውኃ የቀዳችው፣ ቁስለኛ ያጠበችው ሴት ነበረች። ለእነዚህ በሜዳው ላይ የሚመራ ፈረስ አልተገኘላቸውም። አልቃሿ ራሷ ብዙ ጊዜ የዚያች ሴት ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ስትሆን፣ የእናቷን ስም በሙሾዋ ውስጥ አታስገባም። ሁለተኛው በለቅሶ ላይ የሚተኮሰው ጥይት ነው። የክብር ዘብ በትእዛዝ የሚተኩሰው ተኩስ ልክ አለው፤ እንደ ሥርዓተ ነጥብ ነው፤ ዐረፍተ ነገሩን ይዘጋል። በየሜዳው ማንም እንዳሻው ወደ ሰማይ የሚለቀው ጥይት ግን ንግግሩን ያቋርጣል፤ አልፎ አልፎም ሌላ ለቅሶ ይጠራል። ይህን ነቅፎ ለመናገር ሐያሲ መሆን አያስፈልግም።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው። የፉከራ ዋና ግሥ «ገደለ» ነው። የውጭ ወራሪ ሲመጣ ይህ ግሥ ትርጉሙ ግልጽ ነበር፤ የተገደለው ሰው እናት በሩቅ አገር ናት፤ ፉከራውን አትሰማም። ከ1950ዎቹ እስከ 1983 ዓ.ም. በሰሜን የተካሄደው ጦርነት፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የተካሄደው ጦርነት፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በዚሁ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ግን ከዚህ የተለዩ ናቸው። የሁለቱ ወገን ሟቾች አንድ ቋንቋ ይናገሩ ይሆናል፤ እናቶቻቸው በአንድ ገበያ ጎን ለጎን ተቀምጠው ድንች ይሸጡ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ የገደለውን እየቆጠረ የሚፎክር ሰው ሟቹን አላከበረም፤ ለሚቀጥለው ሬሳ ጉድጓድ እየማሰ ነው። ይህ ማለት ፉከራ ይቅር ማለት አይደለም። በጥንቱ ፉከራና ሙሾ ውስጥ ሌሎች ግሦችም ነበሩ። ጓዱን ያልጣለው፣ ቁስለኛ የተሸከመው፣ የመጨረሻዋን ጉርሻ ያካፈለው፣ ምርኮኛን ያልነካው ሰው ይወደስ ነበር። እነዚህ ግሦች በዘመናት ውስጥ ለ«ገደለ» ቦታ እየለቀቁ ሄደዋል። ባለቅኔ የሚባል ሰው ካለ ሥራው እነዚህን ፈልጎ መመለስ ነበር፤ ነገር ግን ባለቅኔዎቻችን በአብዛኛው ለድል በዓል እንጂ ለቀብር ስንኝ አይቋጥሩም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው አስከሬናቸው ስላልተመለሰው ነው።

በ1983 ዓ.ም. በመቶ ሺዎች የሚቆጠረው የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን፣ ከየግንባሩ በእግሩ ወደ ቤቱ የተጓዘው ተጉዟል፤ ያልተመለሰውም አልተመለሰም። በጎጃምም ሆነ በሌላው ክፍለ ሀገር ለብዙ ቤተሰብ «ልጃችሁ በዚህ ቀን በዚህ ቦታ ወደቀ» የሚል መርዶ የነገረው የለም። መርዶ ያልተነገረው ቤት ጥቁር አይለብስም፤ ተዝካር አያወጣም፤ ሚስትም መበለት ነኝ አትልም። ሰውየው ለሠላሳ ዓመታት በዘመቻ ላይ እንዳለ ይቆያል። መርዶ የግል ወሬ ሳይሆን ሕዝባዊ ሥርዓት መሆኑን ለመረዳት የቅርቡን ማስታወስ ይበቃል፤ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር በጦርነቱ ለወደቁት ተዋጊዎች መርዶ ለየቤተሰባቸው እንዲደርስ አድርጎ የ3 ቀን ሐዘን ባወጀ ጊዜ፣ ከተማውና ገጠሩ በአንድነት ለቅሶ ተቀምጧል። ለዓመት ለሁለት ዓመት ታፍኖ የቆየ ድምፅ በአንድ ቀን ሲወጣ ታየ።

የአውሮፓ አገሮች ለዚህ ችግር ያገኙት መፍትሔ የታወቀ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1920፣ እንግሊዝ በለንደን፣ ፈረንሳይም በፓሪስ ስሙ ያልታወቀ አንድ ወታደር በታላቅ ክብር አሳረፉ። እያንዳንዷ እናት «ልጄ ይህ ይሆናል» እንድትል ነው። አሳቡ ረቂቅ ነው፤ ብዙ አገሮችም ተከትለውታል። በእኛ አገር ያለው ልማድ ግን ይህን ገልብጦ ይዞታል። በደገኛው ሕዝብ ዘንድ ሰው በሩቅ ሲሞት፣ አስከሬኑም ሳይመጣ ሲቀር፣ ልብሱና መሣሪያው ወይም ምስሉ በአልጋ ላይ ተደርጎ፣ ፈረሱ ተጭኖ፣ ሰውየው በፊት ያለ ይመስል ይለቀስለታል። የአውሮፓው ስም የሌለው አስከሬን ነው፤ የእኛው አስከሬን የሌለው ስም ነው። በዚያ አንዱ ስለ ሁሉም ይቀበራል፤ በዚህ እያንዳንዱ በየስሙ ይለቀሳል።

በኮሪያ የወደቁት ከመቶ ሃያ የማያንሱ የቃኘው ወታደሮች ስምና አጽም በአንድነት ወደ አገራቸው ተመልሶላቸዋል። ሌላው ይህ ዕድል አልገጠመውም። ለኦጋዴን ጦርነት ሰማዕታት በ1977 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው የትግላችን ሐውልት፣ ቀይ ኮከቡን ተሸክሞ ሃምሳ ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ ይታያል። በግራና በቀኙ ባሉት ግድግዳዎች ላይ የተቀረጹት ሰዎች ጡንቻቸው የፈረጠመ፣ ዓይናቸው ወደ ፊት የተተከለ ነው። የእጅ ሥራው የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ገጾቹ በአብዛኛው የዓይነት ገጾች ናቸው፤ ወታደር፣ ገበሬ፣ ሠራተኛ ናቸው። ከአዲስ ቅዳም ሄዳ በሐውልቱ ፊት የቆመች እናት ልጇን የምትፈልግበት ስፍራ አታገኝም። በስድስት ኪሎ የቆመው የሰማዕታት ሐውልት በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ዩጎዝላቪያውያን ቀራፅያን አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች በነሐሱ ላይ የወደቀውን እንደ ወደቀ፣ የሚያለቅሰውን እንደሚያለቅስ አድርገው ስላሳዩ፣ ተመልካቹ ከድል በፊት ሞትን ያያል።

እንግዲህ በአዊ ምድር ያለው ሥርዓት ለዚህ ጉድለት የሚበቃ ቅርጽ አስቀድሞ ይዞ ይገኛል። ባዶ ኮርቻ የተጫነ ፈረስ አስከሬን አይጠይቅም። ከካራማራ፣ ከናቅፋ፣ ከአፍዓበት፣ ከባድመ ላልተመለሱት በየስማቸው ፈረስ ቢመራላቸው ለቅሶው ከልማድ ውጭ የመጣ አይሆንም፤ ልማዱን መፈጸም ይሆናል። የጎደለው ፈረሱ ሳይሆን የሚነገረው ነው። የወረዳው የቀበሌ መዝገብ፣ የጡረታ ሰነድ፣ በሕይወት ያሉት የቀድሞ ወታደሮች ትዝታ ካልተሰበሰበ፣ ፈረሱ ሲመራ ማን እንደ ሆነ፣ የት እንደ ወደቀ የሚናገር ሰው አይገኝም። እነዚያ ወታደሮች ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር መጨመር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የቋንቋ ነገር ነው። በአዲስ ቅዳም አካባቢ አልቃሿ ብዙ ጊዜ የምታለቅሰው በአውኚ ነው፤ በድምፅ ማጉያ የሚነበበው ወረቀት ግን በአማርኛ ነው። መበለቲቱ ስለ ባሏ በአንዱ ቋንቋ ታለቅሳለች፤ በሌላው ቋንቋ ታዳምጣለች። ቀብሩ ሲያበቃ ወረቀቱ ለቤተሰቡ ይሰጣል፤ በአውኚ የተለቀሰውን ሙሾ የሚጽፈው ግን አይገኝም። አውኚ የትምህርት ቋንቋ ሆኖ መምህራን የሚሠለጥኑበት ከሆነ ዓመታት ተቆጥረዋል። የቋንቋው መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው ከየቤታቸው ሽማግሌና አሮጊት ሙሾ ቢሰበስቡ፣ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊው የጎደለውን ወንዝና ኮረብታ ከዚያ ያገኘው ነበር።

ሁለተኛው የሜዳው ነገር ነው። ዲከረንስ ለገበሬው ገንዘብ አምጥቶለታል፤ ከሰሉም ከወረዳው አልፎ በሩቅ ከተሞች ይሸጣል፤ ይህን የሚነቅፍ የገበሬውን ኑሮ የማያውቅ ነው። ነገር ግን ዛፉ በተስፋፋ ቁጥር የግጦሽ መሬቱ እየጠበበ፣ ፈረስ ማርባትም እየከበደ ሄዷል። የለቅሶው ሥርዓት ደግሞ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ ፈረሰኛው ካልዞረ ክቡ አይሠራም፤ ክቡ ካልተሠራ ፎካሪው የሚወጣበት መካከል የለም። የወረዳው አስተዳደር ለቤተ ክርስቲያኑና ለትምህርት ቤቱ ቦታ እንደሚለይ ሁሉ፣ በየቀበሌው የለቅሶ ሜዳ ተለይቶ እንዲከለል ቢያደርግ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ለበዓል ከሚወጣው ወጪ ያነሰ ነው የሚጠይቀው።